ጀምሬ የተውኳቸው አምስት ጌሞች፦ የአራት ወር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ዛሬ ጠዋት የጌም ዲስኮቼን በሙሉ ከመሳቢያ አውጥቼ አልጋ ላይ ደረደርኩ። ላፕቶፔ ላይ ያሉትንም በወረቀት ጻፍኩ። ጀምሬ ያልጨረስኳቸው 17 ሆኑ። የጨረስኳቸው 3 ብቻ።

ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሟል። መጽሐፍ ከጀመርኩ እጨርሳለሁ። ተከታታይ ፊልም ከጀመርኩ እንቅልፌን አጥቼም ቢሆን መጨረሻውን አያለሁ። ጌም ሲሆን ግን መሃል ላይ እቀራለሁ። ሰልችቶኝ ቢሆን ይገባኝ ነበር። የተውኳቸው ግን የምወዳቸውን ነው።

ስለዚህ ከ17ቱ አምስት መረጥኩ። ጎድ ኦፍ ዎር፣ ሴሌስቴ፣ ዘ ዊቸር 3፣ ሬድ ዴድ ሪደምሽን 2 እና ከሁሉም የቆየብኝ ዕዳ፣ ሳን አንድሪያስ። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ በአንድ። በሳምንት ስድስት ሰዓት ገደማ። ተጫውቼ በተነሳሁ ቁጥር እዚህ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የጌሞቹን ዓመት የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ከመጀመሬ በፊት ዋንጫዎቼን አየሁ፤ ጌም ውስጥ አንድ ነገር ስታሳካ የሚሰጥህን ምልክት ማለቴ ነው። ፕሌይስቴሽን ዋንጫ መስጠት የጀመረው በ2008፣ በፒኤስ 3 ዘመን ነው። ኤክስቦክስ ደግሞ ተመሳሳዩን ከ2005 ጀምሮ ይሰጥ ነበር። ብዙ ሰው ዋንጫን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው። እኔ ዛሬ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዋንጫ ያገኘሁበትን ቀን ይዟል። ስለዚህ የትኛውን ጌም በየትኛው ቀን እንደተውኩት ማወቅ ይቻላል።

ጎድ ኦፍ ዎርን የተውኩት የመጨረሻ ዓመት ፈተና በጀመርኩበት ሳምንት ነው። ሬድ ዴድ 2ን የተውኩት ቤት በቀየርንበት ሳምንት። ዊቸርን አባቴ ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ። ቀኖቹን ሳያቸው ደነገጥኩ። ሁሌም ምክንያቱ ጌሙ ውስጥ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ቀኖቹ ግን ሌላ ይላሉ። ሕይወት መጥታ አስነሳችኝ። ከዚያ አልተመለስኩም።

ዋንጫዎቹ ጎን የመቶኛ ቁጥርም አለ። ያን ዋንጫ ስንት ተጫዋች እንዳገኘ ይናገራል። ታሪክ ያለውን ማንኛውንም ጌም ክፈቱና የምዕራፎቹን ዋንጫ በተራ እዩ። ቁጥሩ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየወረደ ነው የሚሄደው። በ2011 ሲኤንኤን ይህንኑ ጉዳይ ያነሳ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በ2010 የወጣውን የመጀመሪያውን ሬድ ዴድ ሪደምሽን የመጨረሻ ሚሽን (ተልእኮ) የጨረሱት አሥር በመቶው ብቻ እንደሆኑ ጽፏል። የተጫዋቾችን ሰዓት የሚመዘግበውን ራፕተርን ጠቅሶ ነው። ያ እንግዲህ የዓመቱ ምርጥ ጌም እየተባለ ሲወደስ የነበረ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ጎድ ኦፍ ዎር። የ2018ቱ። ክራቶስና ልጁ አትሬየስ የእናትየውን አመድ ከዓለማት ሁሉ ከፍተኛው ተራራ ላይ ሊበትኑ ይጓዛሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። እንደ አባትና ልጅ ታሪክ እስካሁን የሚበልጠው ጌም አላገኘሁም።

የቆምኩት አልፍሃይም በሚባለው ዓለም ላይ፣ ከጨለማው ኤልፍ ቦስ (መንገዱን ከሚዘጋው ትልቅ ጠላት) ፊት ነው። ሴቩን፣ ማለትም የቆምኩበትን ቦታ የያዘውን ፋይል፣ ከፈትኩ። አርባ ደቂቃ ሞከርኩ። አንዴም አላሸነፍኩም። ቦሱ ከባድ ሆኖ አይደለም። እጄ ምንም አያውቅም። መጥረቢያውን ወርውሬ እንዴት እንደምጠራው ረሳሁ። ጋሻ የትኛው ቁልፍ ነው? ልጁ ቀስት እንዲወረውር የማዘው በምንድን ነው? ሁሉንም በአንድ ጊዜ እየፈለግኩ ቦሱ ይጨርሰኛል።

ጆይስቲኩን አስቀምጬ ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ አዲስ ጌም ልጀምር ነበር። ስሜቱን አወቅኩት። ባለፉት ዓመታት እዚህ ጋ ስደርስ ነው ሁሌም ወደ ሌላ የምሄደው።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

መፍትሔ የሚመስል ነገር አገኘሁ። ድሮ የነበረውን ሴቭ ሳልነካ በሌላ ቦታ ጌሙን ከዜሮ ጀመርኩት። ልጨርሰው አይደለም። አንድ ሰዓት ብቻ ልጫወት። ማንኛውም ጥሩ ጌም የመጀመሪያ ሰዓቱ ትምህርት ቤት ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ጊዜ እየሰጠ ያስተምራል። ጎድ ኦፍ ዎር ላይ ያ ሰዓት የሚያልቀው ቤቱ በር ላይ ከሚመጣው እንግዳ ሰው ጋር በሚደረገው ፍልሚያ ነው።

እንግዳውን አሸንፌ ወጣሁ። ወዲያው ወደ ድሮው ሴቭ ተመለስኩ። ቦሱን በሦስተኛው ሙከራ ጣልኩት። እጄ ተመለሰ!

ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይም የቁልፎቹን ዝርዝር ጻፍኩ። አር 1 ቀላል ምት። አር 2 ከባድ ምት። ኤል 1 ጋሻ። ሦስት ማዕዘን መጥረቢያውን ይጠራል። አራት ማዕዘን ልጁ ይወረውራል። አምስት መስመር ነው። አምስት መስመር ባለመጻፌ ይህን ጌም ዓመታት አጥቼዋለሁ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የምጽፈውን ወደ ሦስት ዓረፍተ ነገር አሳጠርኩት። የት ቆምኩ። ቀጥሎ የት ልሄድ ነበር። ምን አስቸገረኝ። ከዚህ በላይ ከጻፍኩ እንደሚሰለቸኝ አውቃለሁ።

ለምሳሌ የሐሙሱ፦ «ሐይቁ ላይ ጀልባ ውስጥ ነኝ። ወደ ተራራው ልመለስ። እሳት የሚወረውሩት በቅርብ ሳይሆን በመጥረቢያ ከሩቅ ነው የሚሞቱት።» ዛሬ ስከፍተው አንብቤ ወዲያው ገባሁበት። መንገድ ፍለጋ የባከነ ጊዜ የለም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ጎድ ኦፍ ዎር አለቀ። ከተመለስኩ ወዲህ 14 ሰዓት ወሰደ። አመዱ ሲበተን ብቻዬን ነበርኩ። ድምፁን ቀንሼ እንደገና አየሁት። ቫልኪሪዎቹ፣ ከዋናው ታሪክ ውጪ ያሉት ከባድ ጠላቶች፣ አልተነኩም፤ አይነኩምም። እነሱን መጨረስ ጌሙን መጨረስ አይደለም ብዬ ወስኛለሁ።

ይህን መወሰን ነበረብኝ። መጨረስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ጌም ላይ አንድ አይደለም። ፓክማን በ1980 ሲወጣ መጨረሻ አልተሠራለትም። 256ኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ ቁጥሩ ከፕሮግራሙ አቅም አልፎ የስክሪኑ ግማሽ ይበላሻል። ቴትሪስም እንዲሁ ነው። በ2023 መጨረሻ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የኔንቴንዶውን ቴትሪስ እስኪቆም ድረስ ተጫወተው። በሰው እጅ የመጀመሪያው ነበር። ጌሙ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፊፋስ? ፊፋን ማን ጨርሶ ያውቃል? ለእኔ ታሪክ ባለው ጌም ላይ መጨረስ ማለት ታሪኩ ሲዘጋና የሠሪዎቹ ስሞች ሲወርዱ ነው። ሌላው ትርፍ ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሴሌስቴ። ይህን የተጫወትኩት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። 11 ዓመቷ ነው። ማደሊን የምትባል ልጅ ተራራ ትወጣለች። መዝለል፣ ራስን መወርወር፣ መያዝ። ሦስት ነገር ነው። ለዚህ ነው ወደዚህ ጌም መመለስ ቀላል የሆነው። ከዓመት በኋላ ከፍቼው እጄ በአምስት ደቂቃ አስታወሰ።

ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ እሷ ደክሟት ልታለቅስ ደረሰች። ሴሌስቴ ውስጥ የጌሙን ፍጥነት የሚቀንስ፣ የሚያግዝ አማራጭ አለ። ከፈትኩላት። «ማጭበርበር አይሆንም፣ አጎቴ?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ያስገቡት፤ ተራራው ጫፍ ላይ ሰው እንዲደርስ ስለፈለጉ። ትናንት ማታ ደረሰች። ጫፉ አካባቢ ባንዲራዎቹ ላይ ያለው ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። እናቷ ከኩሽና ሮጣ መጣች።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አሁን ሳን አንድሪያስ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ።

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጌም ቤት ነበር። አራት ቲቪ፣ አራት ፒኤስ 2፣ አግዳሚ ወንበር። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል። ሳን አንድሪያስ በሰዓት። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ሰዓትህ ሲሞላ ትከሻህን ይነካሃል። ሚሽን መሃል ብትሆንም ትነሳለህ።

ሜሞሪ ካርዱ አንድ ነበር። 8 ሜጋባይት። ሳን አንድሪያስ ደግሞ ስምንት የሴቭ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ጌም ቤቱን የሚያዘወትር ልጅ ግን ከአርባ ይበልጣል። ስለዚህ ዛሬ ሴቭ ያደረግከው ነገ ላይኖር ይችላል። ሌላ ልጅ በላዩ ላይ ሴቭ አድርጎበታል። እኔ ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል። ከሦስተኛው በኋላ ሚሽን መጫወት ተውኩ። እንደ ሌሎቹ ኮድ አስገብቼ ታንክ እያወረድኩ መዞር ጀመርኩ። የሰፈራችን ልጆች ጌሙ ታሪክ እንዳለው እንኳ የረሱ ይመስለኛል።

ዛሬ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጌም ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቦታው አሁን ስቴሽነሪ ሆኗል። እሳቸው ግን አንዷን ፒኤስ 2 አልጣሏትም። ቁምሳጥን ላይ በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠዋታል። ፕሮጀክቱን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው አወረዷት። ሁለት ጆይስቲክ፣ ዲስኩና ሜሞሪ ካርዱ አብረው ነበሩ። «ስትጨርስ ጥራኝ» አሉ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ የሚቀበል ቲቪ መፈለግ ነበረብኝ። የእማዬ መኝታ ቤት ያለው ትንሹ ይቀበላል። ሠራች። ያ ድምፅ ሲመጣ ልቤ ዘለለ።

ሜሞሪ ካርዱን ከፈትኩ። ስምንቱም ቦታ ሞልቷል።

ይህን አልጠበቅኩም። የማን እንደሆኑ አላውቅም። እያንዳንዱ ሴቭ የመጨረሻውን ያለፈ ሚሽን ስም ይዟል። ቁጭ ብዬ ጻፍኳቸው። ከስምንቱ አምስቱ ራኒንግ ዶግ ይላሉ። ከዚያ ሚሽን በኋላ ቢግ ስሞክ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚሰጠው ባቡር የማሳደዱን ሚሽን ነው። ጌሙን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አምስት ልጆች ባቡሩ ፊት ቆመው ቀርተዋል። ሁለቱ ከዚያም በፊት የቆሙ ናቸው። አንዱ ብቻ ሁለተኛው ከተማ ሳን ፊየሮ ደርሷል። የጨረሰ የለም።

ጌም ሠሪዎቹ በዋንጫ የሚያዩትን ነገር እኔ በአንዲት የሰፈር ሜሞሪ ካርድ አየሁት። ሳን አንድሪያስ የወጣው በ2004 ነው፤ ያኔ ዋንጫ የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ለራሴ ቦታ ያስፈልገኛል። ከስምንቱ በአንዱ ላይ ሴቭ ማድረግ እችላለሁ። እጄ አልሄደልኝም። ነገ መርካቶ ሄጄ ሌላ ካርድ እፈልጋለሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ያገለገለ ካርድ አገኘሁ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ። ሻጩ ወጣት ነው፤ ምን እንደሆነ ከአባቱ ጠይቆ ነው ያወጣልኝ።

ዛሬ ባቡሩ ላይ ደረስኩ። ልጅ ሆኜ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲጄ ሞተር ይነዳል፣ ቢግ ስሞክ ከኋላ ተቀምጦ ባቡሩ ላይ የቆሙትን ይተኩሳል። ያኔ ሁላችንም የምንሠራው ስህተት አንድ ነበር። ባቡሩን መያዝ ይመስለን ነበር። ስለዚህ ተጠግተን እንነዳለን። ስንጠጋ ግን ስሞክ ወደ ላይ ማነጣጠር አይችልም፤ ጥይቱ የባቡሩን ጎን ነው የሚመታው። ዛሬ ራቅ ብዬ፣ በቀኝ በኩል ነዳሁ። ከርቀት ማዕዘኑ ይከፈትለታል። በሁለተኛው ሙከራ አለፈ።

ተነስቼ ግቢውን ዞርኩ። ማንንም ልደውልለት ፈለግኩ፤ ግን ለማን?

ኅዳር 29፣ እሑድ

በረሃው ላይ ነኝ። የአውሮፕላን ማረፊያውን በ80 ሺህ ዶላር ገዛሁ፤ የጌሙ ዶላር። አሁን የበረራ ትምህርት። አሥር ፈተና። ለእያንዳንዱ ቢያንስ 70 በመቶ ካላመጣህ ነሐስ አይሰጥህም፣ ታሪኩም አይቀጥልም።

ይህ ክፍል መጥፎ አሠራር ነው እላለሁ፤ ጌሙን ብወደውም። እስካሁን መኪናና ሞተር ስነዳ ቆይቼ፣ ሃያ ምናምን ሰዓት ከተጫወትኩ በኋላ አዲስ ነገር ከዜሮ ተማር ይለኛል። ካልተማርክ ደግሞ በሩ ተዘግቷል። ባቡሩን ያለፉት ስንቶቹ ናቸው እዚህ የቀሩት? ሳስበው ያናድደኛል። ዛሬ ስድስቱን አለፍኩ። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት፦ «ስታርፍ ቀድመህ ቀንስ። እሽክርክሪቱን ነገ።»

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

የመጨረሻው ሚሽን። ኤንድ ኦፍ ዘ ላይን። ሃያ ዓመት የሞላው ጌም ቢሆንም ምን እንደሚሆን አልናገርም። ከእኔ ሰፈር ብቻ ቢያንስ ስምንት ሰው አላየውም።

ሚሽኑ ረጅም ነው፤ መሃል ላይ ሴቭ አይደረግም። ሳን አንድሪያስ ላይ ሴቭ የሚደረገው ቤትህ ገብተህ፣ የዲስክ ምልክቷ ላይ ቆመህ ብቻ ነው። ሕንፃውን ፎቅ በፎቅ ወጣሁ። ላይኛው ላይ ደረስኩ። ከዚያ መብራት ሄደ።

ለረጅም ጊዜ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። ከባድ ነው። ያለፈው ሃምሳ ደቂቃ ብቻ አልነበረም የጠፋው። ትከሻዬን ሰው የነካኝ ነው የመሰለኝ።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

መብራቱ በተከታታይ ሁለት ቀን ማታ ማታ ሄዷል። እንዲህ ሆኖ አልደግመውም። አንድ ጓደኛዬ ፎቶኮፒ ቤቱ ውስጥ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር መሣሪያ) አለው፤ ከሥራ ነፃ ሲሆን ሊያውሰኝ ቃል ገብቷል። ስሌቱን ሠራሁ። ቀጭኗ ፒኤስ 2 እና ትንሹ ቲቪ አብረው 100 ዋት አይሞሉም። የ60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ግማሹን ብቻ ብጠቀም እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ያቆየኛል። ሚሽኑ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እጠብቃለሁ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ሳን አንድሪያስ ባትሪውን እስኪያገኝ ዊቸር 3ን ከፈትኩ። የፖላንዶቹ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ሥራ ነው፤ በ2015 የወጣ። ሴቩ ሲከፈት አንድ ነገር አስገረመኝ። ጌሙ እየተጫነ ሳለ ተራኪው እስካሁን ምን እንደሆነ ያወራል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌራልት የት ነው፣ ማንን እየፈለገ ነው፣ ለምን። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ይህን የሚያደርጉ ጌሞች ጥቂት ናቸው። በ2010 የወጣው አለን ዌክ እንደ ቴሌቪዥን ድራማ በክፍል በክፍል ተሠርቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል ሲጀምር ያለፈውን ያሳያል። የ2004ቱ ፖኬሞን ፋየርሬድ ሴቭህን ስትከፍት የመጨረሻ ሥራዎችህን ከልሶ ያሳይሃል። በአንዲት ትንሽ የእጅ ጌም ላይ ያን ማድረግ ከተቻለ፣ ዛሬ መቶ ጊጋባይት የሚይዘው ጌም ለምን አያደርገውም? ሰው እንደሚነሳ፣ ሥራ እንዳለው፣ እንደሚታመም እያወቁ።

ታሪኩን አስታወሰኝ፤ እጄንም ደህና አድርጌ አፍታታሁ። ሆኖም አራት ሰዓት ተጫውቼ እዚህ ላይ እያቆምኩ ነው። ምክንያቱን በትክክል መጻፍ እፈልጋለሁ። የቆምኩት ስኬሊጌ ደሴቶች ላይ ነው። ባሕሩ በጥያቄ ምልክት የተሞላ ነው። አብዛኞቹ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ሣጥን ናቸው። ድሮ በጀልባ እየዞርኩ አንድ በአንድ ሳወጣቸው ከርሜያለሁ። ጌራልት የሚፈልጋትን ሲሪን ማግኘት ቀርቶ ሣጥን ለቀማ ሆነ። አሁን ወደ ታሪኩ ልመልሰው ብሞክርም ፍቅሩ የለም። አባቴ በታመመ ጊዜ የነበረው ድካምም ከዚህ ጌም ጋር ተጣብቆብኛል።

ደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፌ ከስሩ «አቆምኩ» ብዬ ፈረምኩ። ዲስኩን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። ቀለለኝ። እንደ ድሮው መሳቢያ ውስጥ ሆኖ አያየኝም።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ሬድ ዴድ ሪደምሽን 2። ጥቅምት 2018 የወጣ። ስድስት ምዕራፍና ሁለት ክፍል ያለው ማጠቃለያ። ፒኤስ 4 ላይ ሁለት ዲስክ ነው፤ አንዱ ለመጫን፣ አንዱ ለመጫወት። የቆምኩት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር።

መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሰላም ልለው ብዬ ጠመንጃ ደገንኩበት። ጮኸ፣ ሸሸ፣ ሕግ አስከባሪ መጣ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በራሴ ላይ የሽልማት ገንዘብ ተጣለ። የዚህ ጌም ቁልፎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ቁልፍ ራሱ እንደ ሁኔታው ሥራው ይለያያል። ከሁሉም ጌሞቼ ለመመለስ የከበደኝ ይህ ነው።

እንደ ጎድ ኦፍ ዎር ከዜሮ መጀመር አላስፈለገኝም። ያለፉ ሚሽኖችን ከሜኑው መድገም ይቻላል። ከመጀመሪያው የበረዶ ምዕራፍ ሁለቱን ደገምኩ። ማታ ላይ ፈረስ መጋለብ፣ ማደን፣ ሰላም ማለት ተመለሰልኝ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያገኘሁት ነገር ከሁሉም አስደሰተኝ። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ አርተር ሞርጋን ራሱ ደብተር አለው! እንዳለው አውቅ ነበር፣ ግን አንብቤው አላውቅም። ከሚሽኖች በኋላ ምን እንደተሰማው ይጽፋል። ያያቸውን እንስሳትና ቦታዎች በእርሳስ ይሥላል። ከቡድኑ መሪ ከዳች ጋር ያለው እምነት መቼ መሸርሸር እንደጀመረ ከገጹ ላይ ይነበባል። የረሳኋቸው ሁለት ምዕራፎች ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ።

አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ምንም ሳልጫወት አነበብኩ። ፈረሴ አጠገቤ ሣር ትግጥ ነበር።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ገና አለፈ። በበዓሉ ሁለት ቀን ብቻ ነው የተጫወትኩት። አራተኛው ምዕራፍ ተጋመሰ። ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች አሁን ልማድ ሆነዋል፤ ሳላስብ እጽፋለሁ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከተራ ነው። እስከ ማክሰኞ አልነካውም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ስድስተኛው ምዕራፍ ያለቀው ማክሰኞ ሌሊት ነው። እንባዬ መጣ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሐሙስ ላይ ብቻ ለእህቴ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ጌሙ ያለቀ መስሎህ ሌላ ረጅም ታሪክ ይከፍታል። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ዛሬ ማጠቃለያውን ስጨርስ ግን ለምን እንደተሠራ ገባኝ። ያለዚያ ክፍል የአርተር ሥራ የት እንደደረሰ አታይም።

ከተመለስኩ ወዲህ 38 ሰዓት። ሬድ ዴድ አለቀ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ኢንቨርተሩ መጣ። ባትሪውን ከጓደኛዬ መኪና ፈታን። ጋሼን ደወልኩላቸው። ከቅዳሴ በኋላ መጡ፣ ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ። እማዬ ቡና አፈላች።

መብራት ነበር፣ ግን አላመንኩትም፤ ከባትሪው ነው የሠራሁት። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከስሞቹ በኋላ ሲጄ ሰፈሩ ውስጥ፣ ቤቱ በር ላይ ይቆማል።

«ሴቭ አድርግ እንጂ» አሉኝ።

ገብቼ ምልክቷ ላይ ቆምኩ። አንደኛው ቦታ ላይ ሴቭ አደረግኩ። በጠቅላላው 33 ሰዓት ነው የወሰደው።

ከዚያ የድሮውን ካርድ አሳየኋቸው። ስምንቱን ሴቮች አንድ በአንድ ከፈትን። አራተኛው ላይ ሲጄ በጣም ወፍራም ነው። ክላኪን ቤል የሚባለው የጌሙ ምግብ ቤት እየገባ ዶሮ ብቻ ሲበላ የኖረ ነው የሚመስለው። ጋሼ ሳቁ። የማን እንደሆነ ወዲያው አወቁት። ከእኔ ጋር ስድስተኛ ክፍል የተማረ ልጅ ነው። አሁን ሚኒባስ ይነዳል። ስልኩን አገኘሁት።

የካቲት 16፣ እሑድ

ከሥራ ወጥቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። የሁለት ዓመት ልጁን ይዞ። ሴቩን ስከፍትለት ለአፍታ ዝም አለ። «ይሄ ሸሚዝ!» አለ። «ይሄን ሸሚዝ ለመግዛት ሁለት ቀን ከፍዬ ነበር።»

ቁልፎቹን በወረቀት ጽፌ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ ሰፈሩን እንዲሁ በመኪና ዞረ። አሥር ደቂቃ ያህል፣ እጁ እስኪለምድ። ከዚያ ወደ ስሞክ ምልክት ነዳ። ባቡሩ ጣቢያ ላይ ሞተሩ ላይ ወጣ።

«አትጠጋው» አልኩት። «በቀኝ በኩል፣ ራቅ በል።»

«እንዴ፣ ይዘኸው አይደል እንዴ የሚታለፈው?»

«አይደለም። ራቅ በል ብቻ።»

ልጁን ተቀበልኩት። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።